የኪስ ዙም ካሜራ ወይስ ሚረርለስ? ለገፈርሳ ወፎችና ለልጅ ምረቃ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቡራዩ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ገፈርሳ የውኃ ግድብ አካባቢ እየሄድኩ ወፍ አያለሁ። እስካሁን የማነሳው በስልኬ ነው፤ ዝይዋ ነጥብ ሆና ነው የምትወጣው። የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከዱባይ ስለሚመጣ አንድ ካሜራ ሊያመጣልኝ ነው። ያማረጠኝ ሁለት ነው። አንዱ ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ740 የሚባል ባለ 40 ዙም የኪስ ካሜራ፣ ሌላው ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 የሚባል ሚረርለስ (ሌንሱ የሚቀያየር) ካሜራ ከ28-70 ሌንሱ ጋር። አንድ የካሜራ ሱቅ ውስጥ ስጠይቅ ‹የሶኒው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ትልቅ ነው፤ ዝም ብለህ እሱን ውሰድ› አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹40 ዙም እያለ ሁለት ተኩል ዙም ምን ያደርግልሃል?› ይለኛል። ሰኔ ላይ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ትመረቃለች፤ ዝግጅቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። የቱን ላስመጣ?»

ሁለቱንም አያስመጡ።

ሶኒው በጣም ጥሩ ካሜራ ነው፤ ከዚያ ሌንስ ጋር ግን ለወፍ አይሆንም። የኪሱ ካሜራ ወፏን ያቀርብልዎታል፤ ማለዳ ላይና አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ግን ያሳዝንዎታል። ከሶኒው ባነሰ ገንዘብ የሚገኝ ሦስተኛ ምርጫ አለ። ከዚያ በፊት ግን ሱቁም ጓደኛዎም የሳቱበትን ቦታ ማየት አለብን። እሱ ካልጠራ ነገ ሌላ ሱቅ ሌላ ነገር ይነግርዎታል።

ከጓደኛዎ ልጀምር። «40 ዙም» ማለት 40 ጊዜ ያቀርባል ማለት አይደለም። የሌንሱ ረጅሙ ጫፍ (በጣም የሚያቀርብበት ሚሊ ሜትር) ለአጭሩ ጫፍ (ሰፊውን ቦታ ለሚያሳይበት) ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ኤስኤክስ740 በፉል ፍሬም (እንደ ሶኒው ባለ ትልቅ ሴንሰር) ሒሳብ ከ24 እስከ 960 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። 960ን ለ24 ሲያካፍሉ 40 ያገኛሉ፤ አለቀ። ከ100 እስከ 400 የሚሄድ የወፍ ሌንስ በዚሁ ስሌት «4 ዙም» ብቻ ነው። ይሁንና መካከለኛ ሴንሰር ባለው የካኖን ካሜራ ላይ ሲገጠም 640 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። 4 እና 40 ሲባል የአሥር እጥፍ ልዩነት ይመስላል። በተግባር ያለው ልዩነት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ «ስንት ዙም ነው?» አይበሉ። «ረጅሙ ጫፍ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ይበሉ። ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል ዙም» የሚል ቁጥር ካዩ እንደሌለ ይቁጠሩት። ምስሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ ስልክዎም ያደርገዋል።

የሱቁ ምክር ደግሞ ከፊል እውነት ነው፤ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። ትልቅ ሴንሰር ብርሃን ሲያንስ ይረዳል። ሩቅ ያለውን ነገር ግን ቅንጣት አያቀርብም። እንዲያውም አንድ ዓይነት ሌንስ ትልቅ ሴንሰር ላይ ሲገጠም የበለጠ ሰፊ ቦታ ስለሚያሳይ ወፏ በፎቶው ውስጥ ትንሽ ትሆናለች።

በቁጥር እንየው። ገፈርሳ ላይ ብዙ ሰው የሚፈልጋት ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማትገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ነው። ከምንቃር እስከ ጭራ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ውኃው ዳር፣ ከእርስዎ 50 ሜትር ርቃ ቆማለች እንበል። በሶኒው 70 ሚሊ ሜትር ካነሷት የፎቶውን ስፋት አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ነው የምትይዘው። 33 ሚሊዮን ፒክስል ካለው ካሜራ ለዝይዋ የሚደርሳት በርዝመት 190 ፒክስል አካባቢ ነው። ያንን ቆርጠው ቢያሳድጉት ጭቃ ነው። በኪሱ ካሜራ 960 ላይ ካነሷት የፎቶውን ሲሶ ታልፋለች። ባልኩት በ100-400 ሌንስ ደግሞ ሩቡን ትይዛለች፤ 1,500 ፒክስል ገደማ። ይህ ለመመልከትም ለማተምም ይበቃል።

ታዲያ የኪሱ አሸነፈ ማለት ነው? በስፋት ብቻ ካየነው አዎ። ግን ፎቶ የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ከዝይዋ የሚመጣው ብርሃን ደግሞ የሚገባው በሌንሱ ቀዳዳ ነው። የኪሱ ካሜራ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የ100-400ው በ400 ላይ 50 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ነው። ትንሿ ካሜራ ጉድለቱን ለመሙላት ወይ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ማዘግየት ወይ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያላትን ስሜት) ከፍ ማድረግ አለባት። ሻተሩ ከዘገየ ወፏ ስትንቀሳቀስ ትደበዝዛለች። አይኤስኦው ከፍ ካለ ምስሉ ይቆሽሻል። ካሜራዋም ቆሻሻውን ለመጥረግ ስትል የላባውን ዝርዝር አብራ ትጠርገዋለች። በስክሪኗ ላይ ያማረው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በቀለም የተቀባ የሚመስለው ለዚህ ነው። እርስዎ የሚሄዱት ደግሞ ማለዳ ነው፤ ብርሃኑ ገና ሳይጠነክር።

ሌላም ችግር አለባት። ኤስኤክስ740 ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻ የላትም፤ ያለው ስክሪን ብቻ ነው። ፀሐይ ወጥቶ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ የሚያዩት የራስዎን ፊት ነው። ካሜራውን ክንድዎን ዘርግተው ይዘው በ960 ሚሊ ሜትር ዝይዋን መፈለግ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አገኘኋት ሲሉ ፎከሱ ከፊቷ ያለውን ሣር ይይዛል። የሚበር ነገርማ እርሱት። ጋጋኖዎች እየጮሁ በአናትዎ ሲያልፉ ሌንሱ ተዘርግቶ ሳያልቅ ሄደዋል።

አቧራውም አለ። ሰው ሁሉ «ሚረርለስ ሌንሱ ሲፈታ አቧራ ይገባበታል» ይላል። ልክ ነው፤ ይገባበታል። ግን የገባው አቧራ ሴንሰሩ ላይ ስለሚቀመጥ በንፋሽ ወይም በማጽጃ ዱላ ይወጣል። የኪስ ዙም ካሜራ ግን በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሌንሱ ወጥቶ ሲገባ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራውን። ሌንሱ ስለማይፈታ የገባውን ማውጣት የሚቻለው ካሜራው ተበትኖ ነው። ከቡራዩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ በበጋ የሚነሳውን አቧራ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሚዘረጋው ቱቦ መካከል ከገባች ሌንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ስክሪኑ ላይም «የሌንስ ስህተት» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የብዙ የኪስ ካሜራዎች ዕድሜ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ማስጠገኛው ሲጠየቅ ደግሞ አዲስ መግዛት ይሻላል ያሰኛል።

ወደ ሦስተኛው ምርጫ ልምጣ። ካኖን አር10 ከ100-400 ሌንስ ጋር ያስመጡ፤ ትንሿን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ይጨምሩ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)። በአሜሪካ ገበያ ሲወጡ አር10 ቦዲው (ካሜራው ያለ ሌንስ) 980 ዶላር፣ 100-400ው 650፣ 50ው 200 ዶላር ገደማ ነበሩ። ሦስቱ ተደምረው 1,830 ይሆናሉ። የሶኒው ቦዲ ያለ ምንም ሌንስ 2,500 ዶላር ነበር የወጣው። የዛሬው ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ብሩም አንድ ቦታ አይቆምም። መጠኑን ለማየት ግን ይበቃል። ሶኒውን ገዝተው ለወፍ የሚሆን ሌንስ ሲፈልጉ፣ ብዙ ሰው የሚይዘው 200-600 ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዋጋውም የአንድ ካሜራ ነው። አር10 ከ100-400ው ጋር ግን አንድ ኪሎ ከትንሽ ነው። በተማሪ ቦርሳ ይገባል፤ ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ይያዛል።

ካኖን የግድ ነው እያልኩ አይደለም። የአክስትዎ ልጅ ሶኒ ኤ6400ን ከ70-350 ሌንስ ጋር በጥሩ ዋጋ ካገኘ ይውሰደው፤ 525 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። አር10ን ያስቀደምኩት ወፍን ለይቶ የሚከተል ፎከስ ስላለው፣ በመካኒካል ሻተር በሰከንድ እስከ 15 ፎቶ ስለሚያነሳና ሌንሱ ለሚደርስበት ርቀት ርካሽ ስለሆነ ነው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ለወፍ የሚገዙ ከሆነ መጀመሪያ ሌንሱን ይወስኑ፤ ቦዲውን በተረፈው ገንዘብ ይግዙ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ትልቁን ቦዲ ይገዛና በትንሹ ሌንስ ዓመታት ይቆያል።

ይህ ምርጫም እንከን አለው፤ አስቀድመው ይወቁት። 100-400ው ጫፉ ላይ ኤፍ 8 ነው፤ ማለትም ጨለም ያለ ሌንስ ነው። ገፈርሳ ገላጣ ስለሆነ ያስኬዳል። መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ዛፍ ሥር ላለች ወፍ ግን ይቸግረዋል። ቦዲውም ሌንሱም ዝናብ እንዲቋቋሙ የተሠሩ አይደሉም። ክረምት ላይ ጥላ ይያዙ፤ ቢያንስ ፌስታል አይለይዎት። ቤት ሲገቡ እርጥቡን ቦርሳ ዘግተው አያስቀምጡት። ሌንስ ውስጥ የሚበቅለው ሻጋታ የሚወደው ጨለማና እርጥበት ነው። በደንብ በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ከሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ ይበቃል፤ ጄሉ እርጥበት ሲጠግብ ይቀየራል።

«ዙሙም ትልቅ፣ ካሜራውም አንድ» የሚባለው እንደ ኒኮን ፒ1000 ያለው ዓይነትስ? 3,000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያቺ የ50 ሜትሯ ዝይ ከፎቶው ሞልታ ትፈሳለች። የሌንሱ ቀዳዳም ጫፉ ላይ 67 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከ100-400ው ይሰፋል። ስለዚህ በጥሩ ብርሃን ለቆመች ሩቅ ወፍ ከመከርኩዎት ካሜራ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ፎከሱ ግን ዘገምተኛ ነው፤ የሚበር ወፍ አይከተልም። ሴንሰሩ የኪሷ ካሜራ መጠን ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ አይረዳዎትም። ክብደቱም 1.4 ኪሎ ነው። የልጅዎ ምረቃ ባይኖር ኖሮ ሁለቴ አስብ ነበር።

አዳራሹን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚገምተው ስህተት ነው። የኪሷ ካሜራ «እውነተኛ ካሜራ» ስለሆነች ከስልክ ትሻላለች ይባላል። የሴንሰሯ መጠን ግን 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ነው። የብዙ ዘመናዊ ስልኮች ዋና ካሜራ ሴንሰር ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ለቡድን ፎቶና ለቅርብ ፎቶ ስልክዎን ይጠቀሙ፤ በቂ ነው። ልጅዎ መድረክ ላይ ስትጠራ ግን 50ውን ሌንስ አር10 ላይ ይግጠሙ። የአር10 ሴንሰር በጠቅላላ ስፋቱ (ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ) ከኪሷ 12 እጥፍ ያህል ነው፤ ኤፍ 1.8 ደግሞ ብርሃኑን እንደልብ ያስገባል። ከፊት ረድፎች ከተቀመጡ ፊቷ ጥርት ብሎ ይወጣል። ፍላሽ አያስፈልግዎትም። የካሜራው ትንሽ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር በላይ ስለማይደርስ የሚያበራው ከፊትዎ የተቀመጠውን ሰው ጭንቅላት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይጠፋል ይበራል። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሻተር ከተጠቀሙ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ። ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። መካኒካል ሻተሩን ይምረጡና ፍጥነቱን 1/100 ሰከንድ ላይ ያድርጉት። ቪዲዮ ከሆነ ሜኑው ውስጥ ፓል የሚለውን መርጠው በ25 ወይም በ50 ፍሬም፣ በ1/50 ወይም በ1/100 ሻተር ይቅረጹ።

ለወፍ ደግሞ ቆማ ከሆነ 1/500፣ እየበረረች ከሆነ 1/2000 መነሻ ይሁንዎት። «ስታብላይዘር አለው» የሚለው የእጅዎን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚያረጋጋው፤ ወፏን አያስቆምም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ መሬቱንና ውኃ ዳሩን ሲያሞቀው አየሩ ይንቀጠቀጣል። በረጅም ሌንስ የሚነሳ ነገር ሁሉ የሚዋኝ ይመስላል። ሌንሱ ተበላሸ ብለው ወደ ሱቅ አይሮጡ፤ ይህን የሚያስተካክል ካሜራ የለም። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ፤ ከተቻለ ፎቶውን ቆርጦ ከማሳደግ ይልቅ መቅረብን ያስቀድሙ። 25 ሜትር ላይ የተነሳች ዝይ ከ50 ሜትሯ በስፋት እጥፍ ናት፤ ምንም ወጪ የለውም።

ገፈርሳ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ምንጭ መሆኑን አይርሱ። ስልክ ሲይዙ ማንም አላየዎት ይሆናል። ረጅም ሌንስ ሲይዙ ግን ይታያሉ፤ ይጠየቃሉም። ከጥበቃዎቹ ጋር መጀመሪያ ይነጋገሩ፤ ፈቃድ ያስፈልጋል ካሉ ይጠይቁ። ግድቡን፣ የውኃ መሥሪያ ቤቱን ተቋማትና ጥበቃዎቹን ራሳቸውን አያንሱ። የሥራ መታወቂያዎን መያዝ አይከፋም። ከተጠየቁም ያነሷቸውን ወፎች ያሳዩ። ክርክር ውስጥ ከመግባት የተሻለ ይሠራል።

ለአክስትዎ ልጅ የሚነግሩት ይህን ነው። ሶኒ ከሆነ ሜኑው በእንግሊዝኛ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ከፍቶ ይይ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ቋንቋቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ አይቀየርም። «48 ሜጋፒክስል፣ 16 ዙም» የሚል የማይታወቅ ስም ያለው ርካሽ ካሜራ ካሳዩት ዝም ብሎ ይለፈው፤ ቁጥሩ በአብዛኛው በሶፍትዌር የተነፋ ነው። ሚሞሪ ካርዱን ከታወቀ ሱቅ ይግዛ። የውሸት ካርድ 128 ጊጋ ነኝ ይልና ጥቂት ጊጋ ሲሞላ የቀረውን ፎቶ ይበላዋል። ትርፍ ባትሪም ይጨምር፤ ቡራዩ መብራት ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ደረሰኙን ይያዝ፤ የጉምሩኩን ነገር ከመብረሩ በፊት ያጣራ።

ያገለገለ ካገኘ በጭፍን አይውሰድ። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ይጠይቅ። ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሳ፤ ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ ካለ ወዲያው ይታያል። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርቶ ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየ ሻጋታ ስለሆነ ይተወው። ከዚያ 400 ላይ አድርጎ ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ ያንሳና ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉልቶ አራቱንም ማዕዘን ይይ። አንዱ ማዕዘን ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል። ይህን ሁሉ እዚያው ዱባይ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይጨርስ፤ ዕቃው ቡራዩ ከደረሰ በኋላ የሚመልስልዎት የለም።